ዘርና ቀለብ

ለነገ ማከማቸት በፈጣሪ ከመታመን ጋር ይጋጭ እንደሆነ የሚነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከመጻሕፍት ቢጀመርም፣ በራያ ቆቦ ቆላ፣ ከቆቦ በስተደቡብ በምትገኘው ሮቢት ዙሪያ (ከሸዋ ሮቢት ጋር ልትምታታ አይገባም)፣ ከምድጃ ቢጀመር ይሻላል። ማሽላ በሚያበቅል ገበሬ ቤት ከማሳው ተመርጦ የተቆረጠ ዛላ፣ ጢሱ ነቀዝ እንዲያርቅለት ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ይህ ዘር ነው። በጎታ፣ ማለትም ከጭቃና ከጭድ በተሠራው የእህል ማስቀመጫ፣ ያለው ደግሞ ቀለብ ነው። ክረምት ገብቶ ጎታው ሲጎድል ሕፃኑ ዓይኑን ወደ ዛላው ያነሣል፤ «እሱ ዘር ነው» ይባላል፣ ሌላ ማብራሪያም አይጨመርለትም። የጠባይ በጎነት በልማድ እንደሚገኝ ያስተማረው አርስጣጣሊስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ባላስፈለገው ነበር። በ1965 እና 66፣ በኋላም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲመታ ዘሩን ጭምር የበላ ቤተሰብ ዝናቡ ቢመለስም የሚዘራው አልነበረውምና፣ ከዚያ ወዲህ ያደገ ልጅ ያችን አጭር ቃል የሚሰማት ከነትዝታዋ ነው።

የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ስለ ነገ መጨነቅን ይነቅፋል፤ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 41 ደግሞ ዮሴፍ በጥጋቡ ሰባት ዓመት ከምርቱ አንድ አምስተኛው እንዲሰበሰብ መምከሩን ያወሳል። የቁርኣኑ ሱረቱ ዩሱፍ አዝመራው ከነዛላው እንዲቀመጥ መባሉን ይጨምራል፤ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብተው በሚኖሩበት በራያ ይህ ዝርዝር ለአድማጩ እንግዳ አይሆንበትም። በሉቃስ ምዕራፍ 12 ያለው ባለጠጋም የተወቀሰው ነፍሱን በእህሉ ስላስተማመናት እንጂ ጎተራ ስላለው አይደለም። ቀለብ የሚቀመጠው ረሃብ ይመጣል ተብሎ ሲሆን ዘር የሚቀመጠው ግን ዝናብ ይመጣል ተብሎ ነው፤ ተርቦ ዛላውን ሳይነካ የሚያድር ሰው ገና ያልታየ ደመናን አምኗልና እምነት የለሽ ሊባል አይችልም።

ከዚህ ቤት ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው፣ ሱቁ ከደጁ እያለ ጤፉን በኩንታል ገዝቶ ጓዳ ሲደረድር፣ አንዱ ጆንያ ሳይጋመስም ሌላ ሲጨምር ይታያል። ጎረቤቱ ስስታም ቢለው ይሳሳታል። ነገር ግን ልማዱ ሙሉውን አልተሻገረም፤ ከአስተዳደጉ አብሮት የመጣው የቀለቡ ጥንቃቄ ሲሆን፣ የዘሩ ጥንቃቄ ማሳ ስለሚሻ እዚያው ሮቢት ቀርቷል። ጆንያው ቢበዛም ልቡ የማያርፈው ከዚህ የተነሣ ይመስላል፦ ገበሬው ስንት ዘር እንደሚበቃው ማሳው ስንት ጥማድ (አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት) እንደሆነ አይቶ ያውቃል፣ የከተማው ጓዳ ግን እንዲህ ያለ መለኪያ የለውም።