ጣዕም የጥቅም ምስክር ነውን?

ምግብ የሚጣፍጠው ስለሚጠቅም ነው ወይስ ጣዕምና ጥቅም በአንድ ፍሬ ውስጥ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው የሚለው ጥያቄ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። አርስቶትል ስለ ስሜት ሕዋሳት በጻፈው ድርሳኑ ሰውነትን በእውነት የሚመግበው ጣፋጩ እንደሆነ፣ ኮምጣጣውና ጨዋማው ግን የጣፋጩን ብዛት ለማረም የሚጨመሩ ማጣፈጫዎች እንደሆኑ አስተማረ፤ ከእርሱ በፊት የኖረው ዴሞክሪጦስ በበኩሉ ኮምጣጣነት የሚመጣው አተም ከተባሉት፣ ሊከፈሉ ከማይችሉት የቁስ ቅንጣቶች መካከል ማዕዘናቸው ሹል የሆኑት አፍን ሲነኩ ነው ቢልም፣ ጣዕሙ ራሱ በቀማሹ ዘንድ እንጂ በነገሩ ውስጥ የለም ባይ ነበር። በአንደኛው አስተሳሰብ ጣዕም ስለ ምግቡ ባሕርይ የሚናገር ታማኝ ምስክር ነው፤ በሁለተኛው ምስክሩ የሚናገረው በአብዛኛው ስለ ራሱ ነው። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ መንደሪንና ትርንጎ፣ በጥቅሉ ሲትረስ የሚባሉት ፍራፍሬዎች፣ ለዚህ ክርክር ሆን ተብለው የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ጭማቂያቸው ጣፋጩንና ኮምጣጣውን አጣምሮ ይይዛል፣ በልጣጩና በሥጋው መካከል ያለው ነጭ ሽፋን ይመርራል፣ ልጣጩ ሲታጠፍ ፍንጥቅ የሚለው ዘይት ደግሞ ምላስ ገና ሳይነካው በአፍንጫ በኩል ይቀመሳል።

ክርክሩ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል መሆኑ የታየው በባሕር ላይ ነው። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ሳይቀምሱ ወራት የሚያሳልፉ መርከበኞች ድዳቸው እያበጠና እየደማ፣ ጥርሳቸው እየተነቃነቀ፣ የዳነ ቁስላቸው እንደገና እየተከፈተ የሚሞቱበት ስከርቪ የተባለ በሽታ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ጄምስ ሊንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1747 ሳልዝበሪ በተባለችው መርከብ ላይ 12 ሕሙማንን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ፣ ለአንዱ ጥንድ ከፖም የተጠመቀ መጠጥ፣ ለሌላው በውኃ የቀጠነ የሰልፈር አሲድ፣ ለሌላው ኮምጣጤ፣ ለሌላው የባሕር ውኃ፣ ለሌላው በነጭ ሽንኩርትና በሰናፍጭ የተለወሰ መድኃኒት፣ ለቀሩት ሁለቱ ደግሞ በየቀኑ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ ሰጠ፤ ፍሬውን ከበሉት አንደኛው በስድስት ቀን ውስጥ ለሥራ በቃ። የዘመኑ ሐኪሞች በሽታውን የሰውነት መበስበስ፣ ኮምጣጣነትን ደግሞ የመበስበስ ጠላት አድርገው ይቆጥሩ ስለነበር ከሎሚው የተማሩት አሲድ ይፈውሳል የሚለውን ነው፤ ኮምጣጤውና የሰልፈር አሲዱ ከሎሚ ባልተናነሰ ኮምጣጣ ሆነው ሳሉ ማንንም አለማዳናቸው እዚያው መርከብ ላይ ታይቶ ነበር፣ ነገር ግን ሰው ምላሱ የነገረውን በቀላሉ አይተውም። ሊንድ ራሱ ጭማቂው በእሳት ተንኖ እንዲወፍርና እንዲቀመጥ መከረ፤ ኮምጣጣነቱ ቀረ፣ ፈዋሽነቱ ግን በአብዛኛው በእሳቱ ጠፋ።

ባሕር ኃይሉ በ1795 የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ እንዲታደል ካዘዘ በኋላ በሽታው ከመርከቦቹ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በ1860ዎቹ ግን ከሜዲትራንያን የሚመጣው ትልቁ ቢጫ ሎሚ ከካሪቢያን ቅኝ ግዛቶች በሚመጣው ላይም በተባለው ትንሽ አረንጓዴ ሎሚ ተተካ፤ በኢትዮጵያ ገበያ በመደብ የሚሸጠው ክቡ ሎሚም የዚሁ የትንሹ ወገን ነው። ላይም በኮምጣጣነቱ ከቢጫው ስለማያንስ ለውጡን የተቃወመ አልነበረም። በእንፋሎት የሚሄዱት መርከቦች ጉዞውን ስላሳጠሩት ጉድለቱ ለጊዜው ተሸፈነ፤ በ1875 ጆርጅ ኔርስ የመራው የአርክቲክ ጉዞ ግን ላይም ጭማቂ ይዞ በስከርቪ ተመታ። በኋላ እንደታወቀው የሚፈውሰው አስኮርቢክ አሲድ ወይም ቫይታሚን ሲ የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በላይም ውስጥ ያለው መጠን በቢጫው ሎሚ ካለው ያነሰ ነው፤ ተጨምቆ ተከማችቶ፣ ከአየርና ከመዳብ ጋር ተነካክቶ ሲቆይ ደግሞ ይባስ ይመነምናል።

እዚህ ላይ መጠኖቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በ100 ግራም የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ሲትሪክ አሲድ ወደ 5 ግራም ገደማ ሲገኝ ቫይታሚን ሲው ግን 50 ሚሊግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ምላስን የሚያስጨመድደው እንግዲህ ከመቶ እጥፍ በላይ የሚበልጠው ሲትሪክ አሲድ ነው፣ ሕይወት የሚያተርፈው በጩኸቱ መካከል የማይሰማው ሌላው ነው። ቃሪያና ዘይቱን በቫይታሚን ሲ ከሎሚ ይበልጣሉ፤ አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው ይጣፍጣል፣ አንዳቸውም ግን የሎሚን ያህል አይኮመጥጡም። አብዛኞቹ እንስሳት ይህን ንጥረ ነገር በገዛ አካላቸው ሲሠሩ ሰው ይህ ችሎታ የለውም፣ ችሎታው የጎደለበትን ነገር የሚያውቅበት የተለየ የምላስ ስሜትም አልተሰጠውም። አርስቶትል ስለ ኮምጣጣው ተሳስቷል ማለት ይቻላል፤ ዴሞክሪጦስም ቢሆን ትክክል የሆነው በግማሹ ነው፣ ምክንያቱም ምላስ አሲዱን በሚመለከት አልዋሸም። ጥፋቱ ስላልቀመሰው ነገር እንዲመሰክር የጠየቁት ሰዎች ነው።

የሃይማኖት መምህራን በዚሁ የፍራፍሬ ወገን ላይ ያነሡት ጥያቄ ከሐኪሞቹ ይልቅ ጥንቃቄ የታየበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 23 በመጸለት ወይም በዳስ በዓል የተዋበ ዛፍ ፍሬ እንዲያዝ ያዛል፤ የአይሁድ ረቢዎች ይህን ፍሬ ትርንጎ ነው አሉ። ዘሌዋውያን ራባ የተባለው የትርጓሜ መጽሐፍ በበዓሉ የሚያዙትን አራት ዕፅዋት ሲያነጻጽር ትርንጎ ጣዕምም ሽታም አለው፣ ተምር ጣዕም እንጂ ሽታ የለውም፣ አደስ ሽታ እንጂ ጣዕም የለውም፣ አኻያ ሁለቱም የሉትም ካለ በኋላ፣ ጣዕሙን በሕግ ዕውቀት፣ ሽታውን በመልካም ሥራ ይመስለዋል። ከነቢዩ ሙሐመድ የተላለፈውና በቡኻሪ ስብስብ የሚገኘው ሐዲስም ቁርኣን የሚቀራን አማኝ ሽታውም ጣዕሙም መልካም በሆነው ትርንጎ፣ የማይቀራውን አማኝ ሽታ በሌለው ጣፋጭ ተምር፣ የሚቀራን መናፍቅ ሽታው መልካም ጣዕሙ መራራ በሆነው ሪሃን፣ የማይቀራውን መናፍቅ ደግሞ ሽታ በሌለው መራራ የበረሃ ቅል ይመስላል። ሁለቱ ምሳሌዎች በትርንጎና በተምር ቢስማሙም በአንድ ነገር ይለያያሉ፤ በረቢዎቹ ዘንድ የቅዱስ ቃል ዕውቀት በውስጥ ያለ ጣዕም ሲሆን፣ በሐዲሱ የሚነበበው ቃል ወደ ሌሎች የሚደርስ ሽታ፣ እምነት ግን ጣዕም ነው። የሐዲሱ አከፋፈል ለተያዘው ጥያቄ ይበልጥ ይረዳል፤ መልካም ሽታ ያለው ሁሉ ሲቀመስ መልካም አለመሆኑን በሪሃኑ በኩል በግልጽ ያስቀምጣልና።

በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈላስፋና ሐኪም ሙሴ ማይሞኒደስ ግን የረቢዎቹን ምሳሌ እንደ ቅኔ ያለ ውበት እንጂ የትእዛዙ ምክንያት አድርጎ አልተቀበለውም፤ ለእርሱ ዕፅዋቱ የተመረጡት በምድሪቱ በብዛት ስለሚገኙ፣ ለዓይን ስለሚያምሩና ሰባቱን ቀን ሳይጠወልጉ ስለሚቆዩ ነው። የቃል ሕጉ፣ ማለትም የረቢዎቹ ትውፊት፣ ያልደረሳቸው ቤተ እስራኤል ደግሞ በኢትዮጵያ በዓሉን ሲያከብሩ የአራቱን ዕፅዋት ሥርዓት በረቢዎቹ መልክ አልያዙም ነበር።

የረቢዎቹ የሕግና የትርጓሜ ስብስብ የሆነው ተልሙድ ለትርንጎ ከሰጣቸው ምልክቶች አንዱ የግንዱና የፍሬው ጣዕም አንድ መሆኑ ነው። ረቢ አብርሃም ይስሐቅ ኩክ፣ ከ1865 እስከ 1935 የኖሩት የቅድስት አገር አለቃ ረቢ፣ በፍጥረት መጀመሪያ ዛፍ ሁሉ እንዲህ ሊሆን ታስቦ እንደነበር የሚናገረውን ጥንታዊ ትርጓሜ ተከትለው፣ ግንዱን መንገድ፣ ፍሬውን ግብ አድርገው ተረጎሙት፤ በእርሳቸው አስተምህሮ ወደ መልካም የሚወስደው ድካም ራሱ የመልካሙ ጣዕም ሊኖረው ይገባ ነበር። ትርጓሜው ውብ ነው፤ በሥርዓቱ ግን በበዓሉ ሰባት ቀናት ትርንጎው አይቀመስም። የሚመረመረው በዓይን ነው፤ ነቁጥ እንዳይኖርበት፣ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታ እንዳትሰበር ይታያል። ከሁሉ የሚከብደው መመዘኛ፣ ማለትም ዛፉ ከሎሚ ግንድ ጋር ያልተዳቀለ መሆኑ፣ በዓይንም ሆነ በምላስ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ስለዚህ ገዢው የሚደገፈው የዛፉን ዘር ከአባት ወደ ልጅ ሲጠብቁ በኖሩ አትክልተኞች ቃልና ያንን መርምሮ በሚያጸድቀው ረቢ ፊርማ ላይ ነው።