ከኋላችሁ ለሚመጣው ጻፉ

ልጆቼ፣ እዚህ ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወርደው እያንዳንዱ ኮንቴነር በጎኑ አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ተጽፎበታል። ሦስቱ ፊደሎች ባለቤቱን፣ አራተኛው የማጓጓዣ መሣሪያውን ዓይነት ይናገራሉ። ስድስቱ አኃዞች የሳጥኑ መለያ ናቸው። ሰባተኛው፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ተከብቦ የምታዩት፣ ስለ ኮንቴነሩ አዲስ ነገር አይነግራችሁም፤ ሥራው የቀሩትን መፈተሽ ነው። ፊደሎቹ በቁጥር ይተካሉ። የመጀመሪያው በ1፣ ሁለተኛው በ2፣ ሦስተኛው በ4 እየተባዛ እጥፍ እጥፍ ይሄዳል። ድምሩ ለ11 ተካፍሎ የሚተርፈው መፈተሻ አኃዝ ይሆናል።

ለማስተማሪያ ከሚጠቀሱት ቁጥሮች አንዱን ልስጣችሁ፦ ሲ፣ ኤስ፣ ኪው፣ ዩ 305438። መፈተሻው 3 ነው። ሠራተኛው ተቻኩሎ 5ን ከ4 ቢያለዋውጥ ስሌቱ 1 ይሰጣል፤ ከ3 ጋር ስለማይገጥም ፕሮግራሙ ይመልስበታል። ዘዴው ፍጹም አይደለም። ቀሪው 10 ሲመጣ 0 ተብሎ ስለሚጻፍ አንዳንድ ስሕተት ሾልኮ ያልፋል። ቢሆንም ስንቱን ሳጥን ከመጥፋት ያዳነ ነው።

እኔ የሥራ ዘመኔን በጭነት ሰነድ ፕሮግራም ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ከሶፍትዌር ሁሉ የማከብረውም ይህችን አንዲት አኃዝ ነው። ያሰቧት ሰዎች የዶራሌ የኮንቴነር ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በሙቀትና በእንቅልፍ ዓይኑ የተጨናበሰ፣ ፊቱን የማያውቁት ሠራተኛ አንድ ሌሊት ቁጥሩን እንደሚሳሳት ያውቁ ነበር። ሳይወቅሱት ረዱት። ልመክራችሁ የተነሣሁትም ይህንኑ ነው። ፕሮግራምም ጻፉ፣ በቴሌግራም ላይ ሁለት መስመርም ጻፉ፣ ከኋላችሁ ለሚመጣው፣ ለደከመውና ለማያውቃችሁ ሰው ጻፉት። አምኗችሁ ብቻ ሳይሆን አጣርቶ እንዲቀበለው አድርጋችሁ ጻፉት።

በስልካችን ላይ የሚዞረው ነገር መፈተሻ አኃዝ የለውም። «የጋላፊ ድንበር መንገድ ተዘግቷል» የሚል መልእክት ከአንዱ የሾፌሮች ግሩፕ ወደ ሌላው ይገባል። መቼ ተዘጋ? ዛሬ ነው ወይስ ባለፈው ሳምንት? ማን ቆሞ አየው? ፎርዋርድ ሲደረግ የመጀመሪያው ላኪ ስም አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ኮፒ ተደርጎ ሲለጠፍ ግን ስሙም ሰዓቱም ይቀራል፤ ትናንት እውነት የነበረው ዛሬ ሐሰት ሆኖ ይዞራል። ማንም ሊዋሽ አልፈለገም። ሆኖም በዚያ መልእክት ምክንያት አንድ ሾፌር ጭነቱን ይዞ ሊያድር ይችላል፤ ቤተሰቡም ሌሊቱን በሥጋት ሊያነጋ ይችላል። እናንተ ስትጽፉ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በዓይናችሁ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለይታችሁ አስቀምጡ። ሌላ ሰው የጻፈውን ስታስተላልፉ ደግሞ ምንጩን አትቁረጡ። ሕጉም ቢሆን ይህን ቀላል ነገር አድርጎ አላየውም፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨን ሐሰተኛ መረጃ በከበደ ቅጣት ያየዋል። እኔ ግን በሕግ ላስፈራራችሁ አልሻም። ያ ሾፌር በዓይነ ሕሊናችሁ ቢመጣ ለእኔ ይበቃኛል።

ሰዓት ካነሣሁ አይቀር በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኛ ሥራ ብዙ መዘዝ ያለው እዚህ ነውና። የጅቡቲና የአዲስ አበባ ሰዓት ልዩነት የለውም፤ አጠራራችን ነው የሚለያየው። የተርሚናሉ ሲስተም 08:00 ብሎ የሚጽፈውን የእኛ ሾፌር ሁለት ሰዓት ይለዋል። «ነገ 2 ሰዓት ድረስ» ብላችሁ በፈረንሳይኛ ለሚሠራ ባልደረባችሁ ብትልኩለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ቀን ደግሞ ይብሳል። 05/06/2017 የሚለውን ተመልከቱ፦ በጅቡቲ ቢሮ ጁን 5 ነው፣ በአሜሪካ ላኪ ዘንድ ሜይ 6፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 5። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ በሦስቱ መካከል ደግሞ ስምንት ዓመት ሊጠጋ የሚችል ርቀት አለ። ወር በ12 ያልቃል ብሎ የተሠራ ፎርም ጳጉሜን አይቀበልም። የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ፎርም የአባታችንን ስም ወስዶ አባትና ልጅን ባዕድ ያደርጋቸዋል። በላቲን ፊደል ስንጽፈው ደግሞ የአንዱ ሰው ስም በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በመንጃ ፈቃዱ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይወጣና ኬላ ላይ ጥያቄ ያስነሣል።

እነዚህን ፕሮግራሞች የሠሩት እኛን የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። አሁን ግን ፕሮግራም የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ እዚህም ያላችሁ ኮድ ጸሐፊዎች ጳጉሜንን የሚያውቅ የቀን ሳጥን፣ የአያት ስምን የሚያስተናግድ ፎርም ካልሠራችሁ ማን ይሠራዋል? ቀን ስትጽፉም የወሩን ስም በፊደል ጻፉት፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩት፤ ከሰዓቱ ፊት ጠዋት ወይም ማታ አስቀድሙ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ትንሽ እንዳልሆነ ዲሙሬጅ የሚባለውን የኮንቴነር መዘግየት ሒሳብ የከፈለ ነጋዴ ይንገራችሁ።

የጻፋችሁት እንዲቆይ ደግሞ የምታስቀምጡበትን ቦታ እወቁት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ አማርኛ የምንጽፈው በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንቶች ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ መልኩን የሚሰጠው ፎንቱ ብቻ ነው። የዚያን ዘመን ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ክፈቱት፦ የምልክት ዝብርቅርቅ እንጂ አማርኛ አታገኙም። ስንት ደብዳቤ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የወግ ድርሰት እንዲህ ሆኖ ተቀምጧል! እናንተ ከዚህ ችግር ወጥታችኋል፤ ዩኒኮዱም ኪቦርዱም በስልካችሁ አለ። ታዲያ ለምን ጽሑፋችሁን ፎቶ አድርጋችሁ ትለጥፉታላችሁ? ፎቶ ውስጥ ያለን ጽሑፍ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ዓይነ ስውር ወንድማችሁም በስልኩ ሊያስነብበው ይቸገራል። በፊደል ጻፉት፤ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

የሰው ቤት የሰው ነው። ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ጉግል ፕላስ በ2019 ተዘግተዋል፤ ዕቃውን ያላወጣ ሰው ዕቃው አብሮ ጠፋበት። በአገራችን ደግሞ ሌላም አለ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ኢትዮጵያ ውስጥ ታግደው ነበር፤ በቪፒኤን ካልሆነ በቀር አንባቢውን በአንድ ቻናል ብቻ የያዘ ሰው ከአንባቢው ተለያየ። ገመዱ ራሱ የሚቆረጥበት ጊዜም አለ። የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከሚወጣባቸው ዋና በሮች አንዱ ጅቡቲ ነው፤ የባሕር ውስጥ ገመዶች እዚህ ዳርቻ ላይ ይወጣሉ። የካቲት 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለችው መርከብ በሚሳይል ተመትታ ሠራተኞቿ ጥለዋት ከወጡ በኋላ ስትንሳፈፍ መልሕቋ በቀይ ባሕር ወለል ላይ እየተጎተተ፣ ሲኮም፣ ኤኤኢ-1 እና ኢአይጂ የሚባሉትን ገመዶች ሳይቆርጣቸው አልቀረም ተብሏል። በመልሕቅ ሊቆረጥ በሚችል ነገር ላይ የዕድሜ ልክ ሥራችሁን ያለ ቅጂ አታስቀምጡ። ከቻላችሁ የራሳችሁን ዶሜይን ያዙ፤ ዎርድፕረስ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ካልቻላችሁ ፌስቡክም ላይ ጻፉ፣ ግን ዋናው ቅጂ በተራ የጽሑፍ ፋይል በእጃችሁ ይሁን፤ አንዱ በኮምፒውተር፣ አንዱ በሌላ ቤት ባለ ፍላሽ።

የራስን ጦማር (ብሎግ) ሳነሣ የማስታውሳቸው ልጆች አሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ብሎጎች ይታገዱ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ወጣቶች ተሰባስበው ዞን ዘጠኝ የሚባል ጦማር ጀመሩ፤ ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ብለው ነበር ስሙን ያወጡት። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። አምስቱ ሐምሌ 2007 ሲፈቱ የቀሩት እስከ ጥቅምት 2008 ዓ.ም. ቆዩ። በሐሳባቸው ብትስማሙም ባትስማሙም አንድ ነገር ተማሩባቸው፦ በስማቸው ጻፉ፤ ለጻፉትም ቆሙ። ዛሬ በተሸፈነ ስም ገብቶ የሰውን ብሔርና እናት የሚሰድብ ልጅ ስናይ የሚያመን ለዚህ ነው። ለሕይወቱ የሚሰጋ ሰው ስሙን ቢደብቅ አልነቅፈውም፤ ለስድብ የሚደበቀውን ግን እነቅፈዋለሁ።

የማይለጠፍም አለ። ዶራሌ ወደብ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቻይና ጦር ሰፈር አለ፤ ሌሎች አገሮችም በጅቡቲ ሰፈር አላቸው። ክሬን ሥር ቆማችሁ ያነሣችሁት ፎቶ ከኋላው ምን እንደያዘ ሳታዩ አትልቀቁት። የኮንቴነር ቁጥርና የማሸጊያ ቁጥር በአንድ ፎቶ ላይ ሲታይ የሰው ንብረት ያለበትን ቦታ ለሌባ መናገር ነው። የደንበኛ ስምና የጭነት ሰነዱ (የቢል ኦፍ ሎዲንግ) ቁጥር አደራ ናቸው፤ ለጓደኛም አይላኩም።

ታዲያ ምን እንጻፍ ትሉኝ ይሆናል። የምታውቁትን! በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተጀመረው ጦርነት ምክንያት የአገራችን ጭነት ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ከዞረ ወዲህ በዚህ መንገድ የተከማቸው ዕውቀት በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ ሰውየው ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። መጀመሪያ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ የደሴ ነጋዴ ዩኒሞዳልና መልቲሞዳል ምን እንደሚለያቸው በአማርኛ የሚያነበው ነገር ይፈልጋል፦ በመልቲሞዳል የቢል ኦፍ ሎዲንጉ ጉዞ እንደ ሞጆ ባለ የአገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ያልቃል፣ በዩኒሞዳል ጅቡቲ ላይ ያበቃና ከዚያ ወዲህ ያለው ጣጣ የራሱ ይሆናል። ይህን የሚያብራራ ሁለት ገጽ ጻፉለት። የትኛው ሰነድ ቀድሞ እንደሚያስፈልግ፣ ትራንዚተሩ (ዕቃ አስተላላፊው) ምን እንደሚጠይቀው፣ ዲሙሬጅ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ጨምሩበት። የማታውቁት ቦታ ላይ ስትደርሱ በግምት አትሙሉት፤ በሥራው የቆየ ሰው ጠይቁ። አሠራሩ ሲቀየር የድሮውን ገጽ በዝምታ አታጥፉት፤ ከላይ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ተለውጧል» ብላችሁ ከነቀኑና ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፉበት፤ የታተመውን ቅጂ በኪሱ ይዞ የሚመጣ ሰው ይኖራልና።