ነጋሪ የሌለው መርዶ

በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል መርዶ በአፍ እንደመጣ አይነገርም። አንድ ሰው በሩቅ ያለ ወገኑ የሞተበት እንደሆነ ዜናው አስቀድሞ የሚደርሰው ለእርሱ ሳይሆን በዙሪያው ላሉት ጎረቤቶችና ዘመዶች ነው። እነርሱም ነገሩ እርግጥ መሆኑን ያጣራሉ፤ በቤቱ ነፍሰ ጡር ወይም ሕመምተኛ እንዳለ ይጠያየቃሉ፤ የሚያረዳውን ሽማግሌ ይመርጣሉ። ከዚያም ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው ለሥራ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተሰብስበው ደጁን ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት ደጁ ላይ የቆመውን ሕዝብ ያየ ሰው ቃሉ ሳይነገረው ግማሹን ያውቀዋል፤ የቀረውን ሲሰማ ደግሞ ክንዱን የሚይዘው ሰው ከጎኑ አለ። ያረዳውም ሽማግሌ ተናግሮ አይሄድም፤ አብሮ ይቀመጣል፤ አብሮ ያለቅሳል።

ይህን ሥርዓት እንደ ተራ ይሉኝታ መቁጠር ስሕተት ነው። በውስጡ ስለ ዕውቀት የተቋጠረ ሐሳብ አለ፦ ክፉ ነገርን ማወቅ ለብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ጊዜ አለው፣ ነጋሪ አለው፣ ከተነገረም በኋላ የሚደረግ ነገር አለው። የኮቪድ-19 ዘመን ይህን ሐሳብ ምን ያህል እንደፈተነው ግን በቅጡ የተመረመረ አይመስልም።

የዓለም የጤና ድርጅት በሽታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ አንድ ጃፓናዊ በቫይረሱ መያዙን አስታወቀች፤ ኬንያም በዚያው ዕለት የመጀመሪያ ሕመምተኛዋን ይፋ አደረገች። ብዙም ሳይቆይ በአዲስ አበባ ስልክ የደወለ ሰው በጥሪው ድምፅ ፈንታ ስለ እጅ መታጠብ የሚመክር መልእክት ይሰማ ጀመር። በወቅቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ የተመረመሩትን፣ የተያዙትንና የሞቱትን ቁጥር በየዕለቱ በማኅበራዊ መገናኛ ገጻቸው ያወጡ ነበር። በናይሮቢም የሚኒስትሩ የሙታሂ ካግዌ መግለጫ በየቀኑ በጉጉትና በፍርሃት ይጠበቅ ነበር። ሁለቱም በዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው ከመግለጫው በኋላ፣ መብራት ከጠፋ ወዲያ ነው።

ቁጥሩን ያየው ሰው እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። የአገሩ ቁጥር ገና ትንሽ ነበርና የጣልያንን ያያል፤ ቀጥሎ የኒው ዮርክን። ከቁጥሩ ወደ ሥዕሉ፣ ከሥዕሉ ወደ ወሬው ይሻገራል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ፌጦና ዳማከሴ ፍቱን መድኃኒት ናቸው የሚለውን ያነባል፤ አይደሉም የሚለውንም ያነባል፤ ሁለቱንም ለወንድሙ ይልካል። ስልኩን ያስቀምጥና ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሶ ያነሣዋል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የተለወጠ ነገር እንደሌለ እርሱም ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ያነሣዋል።

እንግሊዝኛ ለዚህ ድርጊት «ዱምስክሮሊንግ» የሚል ቃል አለው፤ ቃሉም በወረርሽኙ ወራት በሰፊው ተዛመተ። ወደ አማርኛ ለመመለስ ያስቸግራል። የመጀመሪያው ክፍል የማይቀር ጥፋት ማለት ነው፤ «ስክሮል» ደግሞ በጥንቱ ትርጉሙ የሚጠቀለል ብራና ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ክታብን ሊያስታውስ ይገባዋል። ደብተራው ለሕመምተኛው የሚጽፈው የብራና ጥቅል ርዝመቱ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ይለካ ነበር፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ነው። ጸሎቱና ትልልቅ ዓይን ያላቸው ሥዕሎች ተከታትለው ይወርዱና በሰውየው እግር ልክ ያበቃሉ። ክታቡ ይፈውሳል አይፈውስም የሚለው ክርክር ሌላ ነው፤ ነገር ግን መጨረሻ ነበረው። የስልኩ ጥቅል መጨረሻ የለውም፤ ያጣውም በአጋጣሚ አይደለም። ገጹ ባለቀ ቁጥር ሌላ ገጽ ራሱ እንዲቀጠል የሚያደርገውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2006 የነደፈው አዛ ራስኪን፣ በሥራው መጸጸቱን ከዓመታት በኋላ በአደባባይ ተናግሯል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነርም ከዚያ አስቀድሞ በርግቦች እንዳሳየው፣ ቁልፍ በነካች ቁጥር ጥሬ ከምታገኘው ርግብ ይልቅ አልፎ አልፎ ባልታሰበ ጊዜ የምታገኘው ርግብ ጥሬው ቢቋረጥም እንኳ ቶሎ ተስፋ አትቆርጥም። ከመቶ አስፈሪ ወሬ መካከል አንዲት የምታጽናና ቃል የሚያገኝ ሰውም ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ፍርሃትንና የኢንተርኔት ልማድን ያገናኙ ጥናቶች በእነዚያ ዓመታት በብዛት ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዳንኤል አሆርሱና ባልደረቦቹ በኢራን ያዘጋጁት ሰባት ጥያቄ ያለው የኮቪድ ፍርሃት መለኪያ በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ፤ በዚያው ዓመት የአማርኛ ቅጂውም ተፈትኖ ወጣ። መለኪያው ስለ ልብ ምት፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ እጅ ማላብ ይጠይቃል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን በማኅበራዊ መገናኛ ስለ በሽታው የሚወራውን ሲያዩ መረበሽ አለ ወይ የሚል ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፍርሃቱ ሲለካ ስልኩ ቀድሞውኑ ከመስፈሪያው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ብዙዎቹ ጥናቶችም መጠይቃቸውን የበተኑት በዚያው በኢንተርኔት ነው፤ ጠያቂዎቹ ያገኙት ከመስኮቱ ፊት አስቀድሞ የተቀመጠውን ሰው ነው። የፈራ ሰው ስልኩን እንደሚያበዛ ወይስ ስልኩን ያበዛ ሰው እንደሚፈራ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠይቆ የተሞላ ቅጽ ሊለይ አይችልም። ምናልባት እየተመላለሱ አንዱ ሌላውን ይመግቡት ይሆናል። ማረጋገጫ ፍለጋ ጭንቀትን ለጊዜው አብርዶ ለሚቀጥለው ጊዜ እንደሚያበረታው በሌሎች የጭንቀት ሕመሞች ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል።

ቃላቱም የየራሳቸውን ፍርድ ይሰጣሉ። አማርኛ «ስጋት» ሲል ዓይኑ ወደ ውጭ ነው፤ የሚመጣ ነገር አለ፣ ሰውየው ይጠብቀዋል። «ጭንቀት» ሲል ግን ወደ ውስጥ ይመለከታል፤ ደረት የጠበበበት ሰው ምክንያቱን ቢጠየቅ ላይመልስ ይችላል። «ሱስ» ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። የቡና ሱስ ያለበት ሰው አይነወርም፤ ሱሱ ጎረቤት የሚጠራበት፣ እስከ ሦስተኛው ስኒ የሚያስቀምጥ ሱስ ነውና። በሌሊት ብቻውን ስልክ የሚያገላብጥን ሰው «ሱሰኛ» ማለት ቢቀልም ለምን እንደሚያገላብጥ የሚነግር ነገር የለውም።

ለመሆኑ ይህ ሰው የሚወቀስ ነው? ፕሌቶ በ«ሪፐብሊክ» የሌዎንትዮስን ታሪክ ይተርካል። ሌዎንትዮስ ከፒሬዎስ ወደብ ወደ አቴና ሲወጣ በግንቡ ሥር የተረሸኑ ሰዎችን ሬሳ ያያል። ማየት ይፈልጋል፤ ይጸየፋልም፤ ፊቱን ሸፍኖ ከራሱ ጋር ይታገላል፤ በመጨረሻ ይሸነፍና ዓይኑን አፍጥጦ እየሮጠ ወደ ሬሳዎቹ ይሄዳል፣ የገዛ ዓይኖቹንም እየሰደበ ጥገቡ ይላቸዋል። ብዙዎች የወረርሽኙን ዘመን አንባቢ በዚህ ምሳሌ ሊመስሉት ይወዳሉ። ነገር ግን ምሳሌው በአንድ ወሳኝ ነገር አይገጥምም። ሌዎንትዮስ በሬሳዎቹ መካከል የሚፈልገው ሰው አልነበረውም።

ልጇ በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እናት ትታሰብ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በከተማዋ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል፤ ሴቶቹ ከነሻንጣቸው አስፋልት ላይ ሲያድሩ የሚያሳየው ሥዕል በዓለም ሁሉ ታይቷል። እናቲቱ ያንን ሥዕል በሌሊት ሃያ ጊዜ አጉልታ ፊቶቹን አንድ በአንድ ብትመረምር የትኛው ሐኪም ነው ልማድሽ ችግር አለበት የሚላት? የዓለም የጤና ድርጅት በማርች 2020 ዜና በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ተከታተሉ ብሎ መምከሩ ትክክል ነበር፤ ምክሩ ግን በዜናው ውስጥ የራሱ ሰው ለሌለበት ሰው የተጻፈ ይመስላል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሪያድ፣ በቴል አቪቭ ያለ ቤተሰብ ይህን ያህል ዕድለኛ አልነበረም።

ከእናቲቱ ጎን፣ በጣልያን ማንንም የማያውቀውና የጣልያንን ቁጥር ሲቈጥር የሚያነጋው ሰው አለ። የድርጊታቸው መልክ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው እናቲቱ ብታገኝ የምታደርገው ነገር ስላላት ነው፤ ትደውላለች፣ ገንዘብ ትልካለች፣ ከቀበሌ ቀበሌ ትሮጣለች። እርሱ ቢያገኝ የሚያደርገው የለውም። ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን በተራ የወሬ ጥማት ብቻ የሚነዳ አይደለም። ሞት ሲሰማ «ለቅሶ መድረስ» ግዴታ ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው። በዚህ አገር ሞትን ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነው፤ ሰው ቢያንስ ደጃፉ ድረስ ሄዶ፣ ፊቱን አሳይቶ፣ ትንሽ ተቀምጦ ይመለሳል። አሁን በቀን አንድ ሺህ ሞት ይነገረዋል፣ የሚደርስለት ለቅሶ ግን የለም። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲያግድ የሰፈሩ ድንኳን እንኳ ተከለከለ። ይደረስ ዘንድ ያልቻለ ግዴታ በሰው ላይ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ ስልኩን ደጋግሞ ማንሣቱም ደጅ ደርሶ የሚመለስ ሰው ምልልስ ይመስላል። ያየ ጊዜ የደረሰ ይመስለዋል። አልደረሰም፤ ስለዚህ ደግሞ ያያል።

የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ትዝታ ይህን በተሻለ ያሳያል። ያ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ከተማውም በጢስ ይታጠናል። የጤና ባለሙያዎች ጢሱን ቢነቅፉ አይፈረድባቸውም። ለፍርሃቱ ግን ቀን ተቈርጦለታል፣ ሥራም ተሰጥቶታል፤ ሲመሽ እሳቱ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ሲባል የመርዶን ሥርዓት ያለ ነቀፋ ማወደስ አይገባም። ውጭ አገር ያለ ሰው የእናቱ ሞት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ሲደበቅበት ኖሯል፤ ፈተና እስኪጨርስ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪወጣ እየተባለ። በስልክ «እናቴን አገናኙኝ» ባለ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ጉንፋን ይዟታል እየተባለ የተሸነገለ ሰው እውነቱን ሲያውቅ የሚሰማው ክህደት ከሐዘኑ ያላነሰ ነው። ማን መቼ ማወቅ እንዳለበት የሚወስን ሽማግሌ ሥልጣንም ይዟል። ይኸው ሥልጣን ሲገዝፍ መንግሥት ይሆናል። በምዕራብ ኦሮሚያ ዞኖች ከጃንዋሪ 2020 መግቢያ እስከ ማርች መጨረሻ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ወረርሽኙ ወደ አገር ሲገባ በዚያ የነበረው ሕዝብ እጅህን ታጠብ የሚለውን መልእክት እንኳ እንደ ሌላው በስልኩ ሊሰማ አልቻለም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላም ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ጠፋ። በእነዚያ ሳምንታት ከዋሽንግተን የሚደውል ሰው ጭንቀቱ አልቀነሰም። የሚያየው ባጣ ጊዜ የባሰውን ያስብ ነበር። እንግዲህ ስልኩን ዝጋ ማለት ለመካሪው ይቀላል፤ ሲዘጋበት ግን የሰው ፍርሃት አብሮ አይዘጋም።

ስለዚህ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለሚያነበው ብቻ ሳይሆን ለሚያስተላልፈውም ነው። እስካሁን ያሉት ምክሮች ከሞላ ጐደል ሁሉም ለተቀባዩ የተጻፉ ናቸው፤ ጊዜህን ገድብ፣ ማንቂያውን ድምፅ አልባ አድርግ፣ ስልክህን ከመኝታ ቤት አውጣ። መርዶ ነጋሪው ግን ሦስት ግዴታ ነበረበት፦ ማጣራት፣ ጊዜ መምረጥ፣ ከነገረ በኋላ አለመሄድ። በሌሊቱ ስድስት ሰዓት የሬሳ ሣጥን ሥዕል ለሠላሳ ሰው የሚልክ ሰው ሥራውን ወስዶ ግዴታውን ትቷል፤ ደግነት እንደሠራም ይሰማዋል። የመጀመሪያውን ግዴታ ትንሽ ያስታወሰው ኩባንያ ዋትስአፕ ነው፤ ኤፕሪል 2020 ላይ እጅግ ደጋግሞ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ አድራሻ ብቻ እንዲላክ ገደበ፣ የዚህ ዓይነት መልእክት ዝውውርም 70 በመቶ ያህል መቀነሱን አስታወቀ። ተቀባዩ ብቻውን ይሁን ከሰው ጋር ግን መሣሪያው አይጠይቅም።

ይህን የሚጠይቁት አሁንም ጎረቤቶች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ሰው ሲሞት፣ ልጁ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ለልጁ ሳይሆን እዚያ ላሉት ጓደኞቹ ይደውላል። እነርሱም በማለዳ መኪናቸውን አስነሥተው፣ አንዱ ዳቦ ሌላው ውሃ ይዞ፣ አንድ የማያውቀው ሰው ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሳይጽፍ፣ ልጁም ከእንቅልፉ ነቅቶ ስልኩን ሳያነሣ ለመድረስ ይሮጣሉ። አንዳንድ ጊዜ ይደርሳሉ።