ልጄ፣ ዘነበወርቅ ላይ ውረጂ

ልጄ፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምና ወደ አለርት ሆስፒታል ስትመጪ አየር ጤና ድረስ ሄደሽ እንደምትወርጂ ሰማሁ። ረዳቱ «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ?» ሲል ዝም ትያለሽ አሉ። ታክሲው ያልፋል። ከዚያ ነጠላሽን ተከናንበሽ ያንን ሁሉ መንገድ በእግርሽ ትመለሻለሽ። አልቆጣሽም። ይህን ያደረግሽ የመጀመሪያዋ አንቺ አይደለሽም። ጦር ኃይሎች ላይ ወርደው በእግራቸው የሚመጡም ነበሩ። ነገር ግን የግራ ውስጥ እግርሽ ስሜቱ እንደደነዘዘ ተነግሮሻል። የደነዘዘ እግር ብዙ ሲራመድ ይቆስላል፤ ሲቆስልም አይነግርሽም። ሰው እንዳያይሽ ብለሽ የምትሄጂው መንገድ፣ ነገ ሰው ሁሉ የሚያየውን ቁስል ያመጣብሻል። የምሰጋልሽ ለዚህ ነው።

ይህ ሰፈር እንዴት እንደተቆረቆረ ልንገርሽ። ሆስፒታሉ በጃንሆይ ዘመን፣ በ1920ዎቹ ሲሠራ በልጃቸው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። ያን ጊዜ ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር። ሰው ሥጋ ደዌን ስለሚፈራ ሆን ተብሎ ነው ወደ ዳር የተወሰደው። ሕመምተኛው ከየአገሩ በእግሩም በበቅሎም እየመጣ ታከመ። ወደ ቀዬው መመለስ የተሳነው እዚሁ አጠገብ ጎጆ ቀለሰ። ኋላ በ1958 ዓ.ም. በዚያው ቦታ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛው አለርት ተቋቋመ፤ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ሐኪሞችና ነርሶች እየመጡ የሚሠለጥኑበት ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በዚያው ግቢ ተጨመረ። ሐንሰን የኖርዌይ ሐኪም ነበር፤ በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው እርሱ ነው። ዛሬ ሰፈሩ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ገብቶ፣ ፎቅ በፎቅ ሆኖ ታይዋለሽ። የሰፈሬ ሽማግሌዎች «ከተማው ሸሽቶን ነበር፤ ቦታ ሲወደድበት ጊዜ ራሱ መጥቶ ከበበን» እያሉ ይስቃሉ።

አሁን አለርት ዓይኑን ያመመው፣ ቆዳው ያሳከከው፣ መኪና የገጨው ሁሉ የሚመጣበት ትልቅ ሆስፒታል ነው። በዚያ በር ስትገቢ ምን እንደያዘሽ ማንም አያውቅም። የሚያውቀው ካርድሽን የያዘው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ዘነበወርቅ ላይ ውረጂ። እግርሽን ለሀፍረት አትገብሪ።

የምታፍሪበት ነገር ምን እንደሆነም ደግመሽ አስቢው። ሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም። በዘር የሚወርድም አይደለም። ከሰው ልጅ አብዛኛው ባክቴሪያውን በተፈጥሮው ይቋቋመዋል፤ ቢነካውም አይታመም። ሕክምና የጀመረ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዲስ ሕመምተኛ ይገኛል። ብቻሽን አይደለሽም።

ከእኔ በፊት የታመሙት ከዛፍ ፍሬ የተጨመቀ ዘይት በመርፌ ይወጉ ነበር። ከዚያ ዳፕሶን መጣ። እርሱን ለዓመታት የዋጠ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ የዋጠም አለ። ውሎ አድሮ ባክቴሪያው ዳፕሶንን ለመደው። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የተለያዩ መድኃኒቶች አንድ ላይ እንዲሰጡ መከረ። ይኸው አሁን የምትወስጂው ነው። ዋጋ አይከፈልበትም። ላንቺ የታዘዘው የ12 ወር ነው፤ ቀለል ላለው ደግሞ 6 ወር ይበቃል። ባክቴሪያው በዚህ ይሞታል። የተጎዳ ነርቭ ግን ሁልጊዜ አይመለስም። እግር መጠበቁ፣ ጫማ ማሠራቱ፣ ቁስል ማሳጠቡ፣ አንዳንዴም ቀዶ ጥገናው ለዓመታት ይከተልሻል። ለዓመታት የምትመላለሽበት ቤት ውስጥ ለዓመታት ማፈር አትችዪም። አይዘለቅም።

መጀመሪያ የምትተዪው ነገር «ደህና ነኝ» ማለትን ነው። እኛ ሰዎች ስንጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት ልማዳችን ነው። ጥሩ ልማድ ነው። ለጎረቤት ነው፣ ለመንገድ ነው። ሐኪም ፊት ግን ይጎዳሻል። ሐኪሙ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። ደህና ነኝ ካልሽው ያምንሻል፤ አምኖም ይሸኝሻል። አንቺም ጫማሽ ውስጥ ያለውን ቁስል ይዘሽ ትመለሻለሽ። ይሸታል ብለሽ አፍረሽ ይሆናል። ልጄ፣ ቁስል የሚያጥብ ሰው ሽታ ያውቃል። ለእርሱ አዲስ ነው ብለሽ አትሳቀቂ።

ገላሽን መታየቱም እንደዚያው ነው። ቆዳው ሁሉ በደንብ በብርሃን መታየት አለበት። ጀርባም፣ ጭንም። ሴት እንድታይሽ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጠይቂ። ጨዋነትሽን ተዪ አላልኩሽም። ጨዋ ሴት ገላዋን ለሐኪም ታሳያለች፤ ጨዋነቷም አብሯት ወደ ቤቷ ይመለሳል።

ደግሞ ያ የእስክሪብቶው ምርመራ አለ። ነርሷ ዓይንሽን ታስጨፍንሽና እጅና እግርሽን በእስክሪብቶ ጫፍ በቀስታ ትነካካለች። የተነካሽበትን ቦታ በጣትሽ ታሳያለሽ። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ትምህርት ቤት ፈተና እናየዋለን። ማለፍ እንፈልጋለን። አንዱ በግምት ይጠቁማል፤ አንዱ ዓይኑን አሾልኮ ያያል። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ እንደ ለመዱት ፈጥነው «እዚህ ጋ» ብለው ቢያሳዩ፣ ነርሷ «አባባ፣ ገና አልነካሁዎትም!» አለቻቸው። እርሳቸውም «ታዲያ ምን ታስጠብቂኛለሽ፣ ቀደምኩሽ እኮ» አሏት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እርሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን አልገመቱም፤ ያልተሰማቸውን አልተሰማኝም ማለት ጀመሩ። እየውልሽ፣ ጥሩ ሳቅ እንዲህ ነው። ውሸቱን ያወጣዋል፤ ሰውየውን ግን አያዋርደውም።

ይህ ምርመራ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ነርቭ ሲጎዳ ቶሎ ከተደረሰበት፣ ማለትም ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ፕሬድኒሶሎን በሚባለው መድኃኒት ሊመለስ ይችላል። ከዘገየ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። እጅሽ በድንገት ከደከመ፣ ዓይንሽ ከቀላ፣ ክንድሽ ወይም ጉልበትሽ አካባቢ ከጠዘጠዘሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ነዪ። ነገ እሄዳለሁ ያለ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ጣቱ እንደታጠፈ ቀረ።

አሁን ወደ ሳቁ ልመለስ። ሕክምና ሰውን ብዙ የሚያስቅ ነገር አለው፤ ካላፈርሽበት። በወር አንዴ ነርሷ ፊት የምትውጪው ሪፋምፒሲን ሽንትን ያቀላል። ሳይነገራት የዋጠች አዲስ ሕመምተኛ ከሽንት ቤት ደንግጣ ስትወጣ፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች «እንኳን ደህና መጣሽ!» ይሏታል። ያን ቀን እያለቀሰች የመጣች ልጅ ስቃ ስትሄድ አይቻለሁ። ክሎፋዚሚን ደግሞ ቆዳን ያጠቁራል። ቀይ ነኝ እያለች የምትኮራ አንዲት ጎረቤቴ «መንግሥት በነጻ አጠየመኝ» ትል ነበር። መድኃኒቱን ከጨረስሽ በኋላ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ለዚህ ብለሽ አታቋርጪ። ፕሬድኒሶሎን ፊትን ያሳብጣል። ዘመድ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ይልሻል። ተቀበዪና ዝም በዪ፤ ሙገሳ በየቀኑ አይገኝም። ብቻ እርሱንም በራስሽ ፈቃድ በድንገት አታቁሚ፤ አደጋ አለው።

የታጠፈ ጣት በቀዶ ጥገና የሚቃናበት መንገድም አለ። ዶክተር ፖል ብራንድ በሕንድ፣ በቬሎር ያስፋፉት ሥራ ነው፤ እኛም ጋ ይሠራል። ጅማትን ከአንድ ቦታ አንስተው ጣት ላይ ይሰፉታል። ከዚያ በኋላ ድሮ ሌላ ሥራ የነበረውን ጡንቻ አዲስ ሥራ ማስተማር የባለቤቱ ፋንታ ነው። አመልካች ጣቱን ሲያዝ ትንሿ ጣት ትነሳለች። ማሠልጠኛው ክፍል ውስጥ ሁሉም በየራሱ እጅ ይስቃል። በሌላው እጅ ግን አይስቅም። ይህን ልብ በዪልኝ። መጀመሪያ ባለቤቱ ይሳቅ፤ ከዚያ አንቺ ትከተያለሽ። የበሽታው ስም ገና ትናንት በተነገረው ሰው ላይ ቀልድ አይጣልም። አጠገቡ ተቀመጪ፣ ይበቃል።

ሌላም የምፈራልሽ ነገር አለ። ቀልድ መደበቂያ ይሆናል። ሐኪሙ ስለ ቁስልሽ ሲጠይቅሽ ቀልደሽ ብታልፊው፣ እርሱም ስቆ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ቁስሉ አንቺ ጋ ይቀራል። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለዚህ ነው። በሳቅ መደበቅም መደበቅ ነው። መጀመሪያ እውነቱን ተናገሪ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ ቀልጂ። ማልቀስ ያማረሽ ቀንም አልቅሺ። ጠያቂ እንዳይከፋው ብለሽ የምታስቂው ሳቅ ያደክማል፤ ያ ያንቺ ዕዳ አይደለም።

ማታ ማታ ይህን አድርጊ። እግርሽን ለብ ያለም ሳይሆን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ንከሪው። የጠጠረውን ቆዳ በድንጋይ በቀስታ ፈትጊ። ቫዝሊን ወይም ቅባት ቀቢ። በመስታወት ውስጥ እግርሽን እዪ፤ ከቻልሽ ሌላ ሰው ይይልሽ። ጠዋት ጫማሽን ሳታደርጊ አራግፊው፤ ጠጠር ይኖራል፣ ሚስማር ይኖራል። ጀበና በባዶ እጅ አታንሺ፤ በጨርቅ ያዥ። እንግዳ ፊት ጨርቅ መያዝ ካሳፈረሽ፣ እንግዳውን ቡናውን ቅዳ በዪው። ድመትም አሳድጊ። የደነዘዘ እግርን አይጥ ሌሊት ሲነክሰው ባለቤቱ አይነቃም። ይህን ሰምተሽ ትስቂ ይሆናል። ሳቂ፣ ድመቷን ግን አምጪ።

ለማን ልንገር ብለሽም ትጨነቂያለሽ። ለሁሉም መንገር የለብሽም። ለአንድ ሰው ግን ንገሪ፤ እህትሽ ትሁን፣ ጓደኛሽ ትሁን። ቤተሰብሽም እንዲመረመር ያስፈልጋል፤ ቶሎ ቢገኝባቸው ሳይጎዱ ይድናሉ። ከእኛ ወገን የሆኑ ሰዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመዋል። ድሮ በር ላይ እንኳ እንዲቆሙ የማይፈለጉ ሰዎች ዛሬ በስብሰባ ላይ ተነስተው በስማቸው ይናገራሉ። ሄደሽ ስሚያቸው። ቅዱስ ገብረ ክርስቶስ ሰው እንዳያውቀው ብሎ መልኩ እንዲለወጥ ለምኖ ደዌ አገኘው ይባላል። አንዲት የማኅበሩ አሮጊት «እርሱ ለምኖ ነው፤ እኛ ሳንለምን ተሰጠን፤ ከእርሱ አንበልጥም ወይ?» ስትል ሰምቼ እስክጠግብ ስቄያለሁ። እንዲህ የምትናገር ሴት ማንን ትፈራለች?

አንቺም ትችያለሽ። ጭንቅላትሽም ምላስሽም ስል ነው፤ አይቼሻለሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ነርሷ «እንዴት ነሽ?» ስትልሽ ምስጋናውን አስቀድሚ፤ ከዚያ ጫማሽን አውልቂ። ዓይንሽን፣ እጅሽን፣ እግርሽን ፈጣሪ ይጠብቅልሽ። አንቺም አግዢው።