ድህነትን መተረክ

የማስተርካርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ከድርሻው ከፍሎ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። ከኩባንያው ተለይቶ የሚተዳደረው ይህ ድርጅት ከ2017 ጀምሮ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለችግረኛ ወጣቶች፣ በተለይም ለአካል ጉዳተኞች፣ የነፃ ትምህርት ዕድል ከፍቷል። ስጦታው ትልቅ ነው።

ሆኖም እንዲህ ያለ ዕድል አብዛኛውን ጊዜ አመልካቹ ድህነቱን እንዲተርክ ይጠይቃል። ከሑመራ ተሰዶ ወድ ኤል ሒለው የደረሰ ወጣት የእናቱን ረሃብ ለማያውቀው ሰው መጻፍ ይገባዋልን? «ታዲያ ችግረኛው በምን ይለያል?» ይባል ይሆናል፤ አግባብ ያለው ጥያቄ ነው። ግን መምህሩና ጎረቤቱም ሊመሰክሩለት ይችላሉ። እንግዳ የተቀበለ ባላገር አስቀድሞ ውኃ ያቀርባል፤ የመጣበትን ምክንያት የሚጠይቀው ኋላ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን በጽሑፉ አንባቢን የሚያስለቅሰው ሲመረጥ፣ የባሰ መከራ አይቶ ሊናገረው ያልቻለው መቅረቱ ነው።