«አይቻለሁ» ማለት ምን ማለት ነው?

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት ሆይ፤

ለገና በዓል ወደ ላሊበላ ለሚሄዱት ዕጣ ሲወጣ ከደረሳቸው አንዱ እኔ ነበርሁ። የጉዞው ገንዘብ ከሁላችን ኪስ የተዋጣ ስለሆነ፣ ስመለስ «ምን አየህ? ምንስ ይዘህ መጣህ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። መልሱን ሳዘጋጅ ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ገጠመኝ። ለመሆኑ «አይቻለሁ» ማለት ምን ማለት ነው?

እውነቱን ልናገር። በመጀመሪያው ቀን በቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት ልቤ አልተነካም። ያን የመስቀል ቅርጽ ያለውን ጣሪያ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቀን መቁጠሪያና በየቤቱ ግድግዳ ላይ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሥራዬ ሥዕሉና ድንጋዩ መመሳሰላቸውን ማረጋገጥ ብቻ ሆነ። ፎቶግራፍ አነሣሁና አለፍሁ። በሁለት ቀን ውስጥ 11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት ዞሬ ጨረስሁ።

በሁለተኛው ቀን ማታ በቤተ ማርያም ቅጥር ውስጥ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሉ። ከሩቅ ገጠር በእግራቸው የመጡ ናቸው። «ልጄ፣ ስንቱን ተሳለምህ?» አሉኝ። «11ዱንም አየሁ፣ እማማ» ብዬ በኩራት መለስሁ። «ያየኸውን መች ጠየቅሁህ? የተሳለምኸውን ነው እንጂ» አሉኝ። ዝም አልሁ፤ በችኮላዬ አንዱንም አልተሳለምሁም ነበርና።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ መመልከት ከንቱ ነው፤ መሳለም ብቻ ይበቃል» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም ያን ሌሊት እንዲሁ አስቤ ነበር። በማግሥቱ ግን ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ወርጄ፣ ደጁን ተሳልሜ፣ ቀስ ብዬ ስመለከት አሳቤ ተለወጠ። ሌላው ሕንፃ ከመሠረት ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ይህ ግን ከጣሪያ ወደ መሠረት ወርዷል። ግንበኛ ያበላሸውን ድንጋይ አንሥቶ በሌላ ይተካል፤ ከአለት የሚፈለፍል ሰው ግን ያለ ልክ የቆረጠውን መልሶ ሊቀጥለው አይችልም። ደግሞም ቤቱ በጥልቅ ጉድጓድ መካከል የቆመ ስለሆነ የዝናብ ውሃ ጠላቱ ነው። ፈልፋዮቹ ይህን ዐውቀው የውሃ መውረጃና ቦይ አብረው አበጅተዋል። እምነታቸው ስለ ውሃ ከማሰብ አላገዳቸውም።

ቦታው እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዝናብ ግን መዝገብ አያነብም። አለቱ እየተሰነጠቀና እየተቦረቦረ በመሄዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከጥቂቶቹ አብያተ ክርስቲያናት በላይ ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ስንጥቁን ቀርቦ ያየ ሰው ባይኖር ማን ያስብ ነበር?

እንግዲህ የእኒያ እናት ተግሣጽ እውነት ነው፤ ግን ሌላ እውነትም ይከተለዋል። የሚሳለም ሰው ቤቱን ይወድዳል፤ የሚወድድ ሰው ደግሞ ቤቱ ሲጎዳ ሊያይ ይገባዋል። የእኔ የመጀመሪያ ቀን እይታ ፍቅር ስላልነበረበት ዓይኔን ከማስደሰት አላለፈም። በፍቅር ያየ ግን ካየበት ቀን ጀምሮ ባለ ዕዳ ነው። «አላወቅሁም ነበር» ሊል አይችልምና።

ከጉዞ ተመልሼ የደብራችንን ደጅ ስሳለም ዓይኔን ቀና አደረግሁ። በምሥራቅ በኩል ያለው ቦይ በአፈርና በቅጠል ተደፍኗል፤ ያለፈው ክረምት ውሃም የግድግዳውን ጭቃ ከሥር ሸርሽሮታል። ይህ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በየሳምንቱ በዚያው በኩል ስናልፍ ኖረናል። ደብራችን በቀን መቁጠሪያ ላይ ስለማይታተም ግን «ኑና ተመልከቱ» ያለን የለም። ላሊበላን ለማየት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሄድሁ፤ ይህን ቦይ ለማየት ግን አንገቴን እንኳ አላዞርሁም ነበር። ዝና ያለውን ብቻ የሚያይ ዓይን፣ ዓይን ነው ይባላልን?

ምን ይዘህ መጣህ ለምትሉኝ መልሴ ይህ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ጧት አካፋ ይዤ በምሥራቁ በኩል እገኛለሁ። ያለኝ አካፋ አንድ ነው፤ ሌላ ያለው ይዞ ይምጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።