ጠይቆ የወጣው ገዥ፤ በጲላጦስ ጥያቄ ላይ የተሰጠ አንድምታ

ታሪክ። ነገሩ የሆነው በዕለተ ዓርብ ጠዋት በኢየሩሳሌም፣ በገዥው ግቢ ነው። የካህናት አለቆች ጌታን አስረው አመጡት፤ እነርሱ ግን ወደ ግቢው አልገቡም። ምነው ቢሉ፣ ረክሰን ፋሲካውን ሳንበላ እንዳንቀር ብለው ነው። ስለዚህ ጲላጦስ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ይመላለስ ጀመር። ውጭ ጩኸት ነው፤ ውስጥ ጌታ ዝግ ብሎ ይናገራል። በዚህ መካከል እውነት ምን እንደ ሆነ ጠየቀው። ጠይቆም መልሱን ሳይጠብቅ ወጣ። ዮሐንስ በ18ኛው ምዕራፍ ጽፎታል።

ሐተታ። ስለምን ጠየቀ ቢሉ፣ ሲዘብት ነው። ገዥ ነውና፣ ባለ ሰይፍ ያሸነፈበት ነገር ሁሉ እውነት ሲባል አይቷል። በእኛም ዘመን እንዲህ የሚል አለ። ሁሉም ለወገኑ ይዋሻል፣ እውነት የሚባል ነገር የለም፣ ያለው ብርቱና ደካማ ነው ይላል። ይህ ሰው ብልህ ይመስላል፤ ነገር ግን እውነት የለም ያለ ሰው ሐሰትን የሚወቅስበት አፍ የለውም።

አንድም ከልቡ ጠይቋል፤ ግን ፈራ። ከልቡ መሆኑ በምን ይታወቃል ቢሉ፣ ወጥቶ በደል እንዳላገኘበት ተናግሯል፤ ይህንም ሦስት ጊዜ ደጋግሞታል። ሚስቱም በሕልሟ ስላየችው ነገር ልካበታለች። እንግዲህ እውነቱን አላጣውም፤ በእውነቱ ላይ የሚቆምበት ጉልበት አጣ እንጂ። ከሳሾቹ የቄሣርን ወዳጅነት ባነሡበት ጊዜ ጉልበቱ ከዳው። ዛሬም ብዙ ሰው እውነቱ አይጠፋውም። ቡና ላይ ለጎረቤቱ በሹክሹክታ የሚነግረውን በአደባባይ አይደግመውም፤ የገዛ ወገኑ ከሐዲ እንዳይለው ይፈራልና። የባላንጣን ሐሰት መግለጥ ቀላል ነው። ሃይማኖት የሚፈተነው የራስን ወገን ሐሰት በመግለጥ ነው።

አንድም ጥፋቱ መሐል መቆሙ ነው። ምነው፣ አስታራቂ መሆን አይመሰገንም ወይ ቢሉ፣ ጲላጦስ የጌታን ንጽሕና እያወቀ ገርፎ ሊፈታው አሰበ። ለከሳሾቹ ግርፋቱን፣ ለተከሳሹ ሕይወቱን ሊሰጥ ነው። ግማሽ ፍርድ ግን ፍርድ አይደለም፤ ንጹሑም ተገረፈ፣ ጩኸቱም አልበረደም። ሁለት ወገን በተጣላ ጊዜ እውነት የግድ ከመንገዱ አጋማሽ አይገኝም። ሽማግሌ የበደለውንና የተበደለውን እኩል ካደረገ ሁለተኛ በደል ሠራ። በዚያ ቀን ጠበኞች የነበሩት የገሊላው ገዥ ሄሮድስና ጲላጦስ ወዳጆች ሆኑ፤ ሉቃስ ጽፎታል። የተወዳጁት ግን በንጹሕ ሰው መከራ ነው። በሦስተኛ ሰው ጀርባ ላይ የሚፈጸም ስምምነት እርቅ አይባልም።

አንድም ምንድር ነው አለ እንጂ ማን ነው አላለም። ጌታ በዋዜማው ማታ እውነት እርሱ ራሱ መሆኑን ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸው ነበርና፣ መልሱ ታስሮ ፊቱ ቆሟል። ይህ ለእኛ ምን ይረባናል ቢሉ፣ እውነት ዕቃ ቢሆን ይያዛል፣ ይታጠራል፣ የእኛ ነው ይባልበታል። አካል የሆነ እውነት ግን ይሰሙታል፣ ይከተሉታል እንጂ አያጥሩትም። ጥቂት ቀደም ብሎም የእውነት ወገን የሚለየው ድምፁን በመስማት መሆኑን ነግሮት ነበር። እንግዲህ እውነት የእኛ ወገን አይደለም፤ እኛ የእውነት ወገን እንሆናለን እንጂ። ቀራጩ ማቴዎስና ቀናዒ የተባለው ስምዖን በአንድ ማዕድ የተቀመጡት ሁለቱንም የጠራ አንድ ድምፅ ስለ ሰሙ ነው።

አንድም ነገሩ የደጅና የውስጥ ነው። እንዳይረክሱ ከደጅ የቀሩት ንጹሕ ሰው እንዲሞት ከመጮኽ አልታቀቡም። ይህ ግን ስለ እነርሱ ብቻ አልተጻፈም፤ የእኛን እንይ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወርደው ተሰደዱ፤ በ1984 ዓ.ም. በምትካቸው አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። ሲኖዶሱም የአገር ቤትና የስደት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። በአሜሪካ ደግሞ ገለልተኛ የሚባል ሦስተኛ ወገን ታከለ። አንድ ጥምቀት፣ አንድ ቅዳሴ፣ አንድ ጾም ያላቸው ሰዎች በአንድ ከተማ እየኖሩ አንዱ የሌላውን ደጅ አልረግጥም አለ። የተለያዩት በሃይማኖት ቃል አልነበረም፤ በአባትነት ጉዳይ ነበር። ሁሉም ቀኖና ይጠቅስ ነበር፤ ሁሉም ንጽሕናውን ከሌላው በመራቁ ይለካ ነበር።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አባቶች በዋሽንግተን አንድ ላይ ተቀመጡ። እርስ በርስ የተወጋገዙበት ውግዘት ተነሣ። አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በጸሎትና በቡራኬ፣ ከአቡነ ጳውሎስ ቀጥለው የተሾሙት አቡነ ማትያስ በአስተዳደር፣ በአንድ ሲኖዶስ ኖሩ። ያን ሁሉ ዓመት ደጅ ላይ ቆመው የተጣሉበት ነገር የተፈታው ገብተው በተነጋገሩ ጊዜ ነው።

አንድም ግእዙ እውነትን በጽድቅ ቃል ይጠራዋል። አንዱ ቃል እውነትም ጽድቅም ነው። ስለምን ቢሉ፣ እውነት በአፍ ብቻ አትፈጸምም፤ ትሠራለች። የተናገርነው ነገር ትክክል ሆኖ ወንድምን ለማዋረድ የተናገርነው ከሆነ ገና ጽድቅ አልሆነም።

ይህ ሁሉ ትርጓሜ እንዴት ይስማማል ቢሉ፣ አንድም ያለ መምህር የፊተኛውን አልሻረም። ከሃይማኖት የወጣውን አይቀበልም፤ በሃይማኖት ውስጥ ያለውን ግን ከጎኑ ያስቀምጠዋል። እውነት አንድ ናት፤ የአንድ ሰው ዓይን ግን ጠቅልሎ አያያትም።

አንድም ጥያቄው በዚያ ቀን አልተዘጋም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጲላጦስን በኋላ አመነ ብላ ከቅዱሳን ትቆጥረዋለች። መልሱን ሳይሰማ ወጣ፤ መልሱ ግን አልተወውም። በጌታዋ ላይ የፈረደውን ዳኛ ቅዱስ ያለች እናት ልጆች ሆነን፣ በሐሳብ የተለየንን ወንድም ለዘለዓለም ጠፋ ልንለው አይገባንም። ጲላጦስ ከጩኸቱ ተመልሶ በገባ ጊዜ ጌታን አግኝቶታል። እኛም እንግባ፤ ጠይቀንም መልሱን እስክንሰማ እንቆይ።